የሙሽራዋ እጅና ሃያ ሁለት እንቁላል

እስከ ዛሬ ድረስ እንቁላል በሰበርኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። የቤቴ ሰዎች ለምደውኛል፤ መጥበሻው ፊት ቆሜ ብቻዬን ስፍለቀለቅ ሲያዩኝ «ደግሞ ቡታጅራ ሄደች» ብለው ያልፉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሄጃለሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ እኔን ቡታጅራ ሒሳብ እንዳስተምር ላኩኝ። በጥርጊያው መንገድ ስንንገጫገጭ ውለን ስንደርስ ከአውቶቡሱ የወረድኩት ከጸጉሬ እስከ ጫማዬ አቧራ ሆኜ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና አንድ ወፍራም የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ነበረኝ። የተቀረው ትዕቢት ነው። እኔን የሚያህል አዋቂ ከአዲስ አበባ ወዲህ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ትዕቢቴ ሁሉ የመጣው ከአንድ ትምህርት ነው። ያስተማረን ህንዳዊ መምህር ቀጭን፣ ቁጡና ጠመኔ የማይጠግብ ሰው ነበር። ሁልጊዜ የሚለን ይኸንን ነው፦ አንድ ሰው መጥቶ «እንዲህ ያለ ነገር አለ» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ «ምንም የለም፣ ዕድል ነው» ብላችሁ ተነሡ። ከዚያ ያያችሁት ነገር በዕድል ብቻ ቢሆን ስንት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል አስሉ። ከሃያ ጊዜ አንዴ እንኳ የማይመጣ ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ «ምንም የለም» ያላችሁትን ጣሉት። ካልሆነ ግን አፋችሁን ያዙ። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል በደንብ ያዝኩ፤ አፍ መያዙ ላይ ግን ያው እንደምታዩኝ ነኝ።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንድ ወንድ ልጃቸው መርካቶ ሱቅ አለው። ቀጠን፣ ቀልጠፍ ያሉ፣ ሰላምታቸው ከአጥሩ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም አስተማሪዋ! በልተሻል?» ይሉኛል፤ በልቻለሁ ብል አያምኑኝም፣ አልበላሁም ብል ይቆጡኛል። በሳምንት ውስጥ ኪራይ ከፋይ መሆኔ ቀርቶ ያሳደጉኝ ልጅ ሆንኩ።

እዚያው ግቢ ምራታቸው ነበረች። ካገባች ሁለት ወሯ ነው። ባሏ ለሥራው ወደ መርካቶ ሲመለስ እሷን እናቱ ዘንድ ትቷት ሄዷል፣ ወጉ እንዲያ ነው። የመጣችው ከወልቂጤ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ በመኪና ግን አዲስ አበባ ወጥቶ እንደገና መውረድ ነው። የእሷ ጉራግኛና የእማማ ጉራግኛ ስላልተግባባ ምራትና አማት የሚያወሩት በአማርኛ ነበር፣ ሁለቱም ተጠንቅቀው፣ ባዕድ ቤት እንደገባ እንግዳ። እማማ በስሟ አይጠሯትም፤ «የወልቂጤዋ» ነው የሚሏት። «የወልቂጤዋ ውሃ ቀዳች?» «የወልቂጤዋ ተነሣች?»

አሁን እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከገባች ጀምሮ የማይሆን ነገር ሆነ። የምትታለበው ላም ነጠፈች። ያለ ወቅቱ ዝናብ መጥቶ ግቢ የተሰጣውን በርበሬ መታው። እማማ ወደ ልጅቷ በር እያዩ አጉረመረሙ። ከዚያ ዶሮዋ መጣች። በዚያ ሰፈር አዲስ ሙሽራ ስትገባ መጀመሪያ ለምታቅፈው ዶሮ እንቁላል የምትሰጠው ሙሽራዋ ናት፤ እጇ ለቤቱ ምን ይዞ እንደመጣ የሚታየው በዚያ ነው። አስራ አንድ እንቁላል በእጇ አስታቀፈች፣ ሃያ አንድ ቀን ተጠበቀ፣ ሦስት ጫጩት ወጣ። ሦስት!

እማማ ያን ቀን በራቸው ላይ ቆመው ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ «የዚች ልጅ እጅ ደረቅ ነው! ለዓረፋ ልጄ ሲመጣ ይዟት ይሂድ፣ ለአባቷ ይመልስልኝ!» አሉ። አፋቸው ላይ የመጣውን ነው ያሉት፤ ግን የተባለ ተባለ። ለዓረፋ የመርካቶው ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ስለዚህ ቀኑ ተቆረጠ ማለት ነው። ሁለት ወር አልቀረውም።

ልጅቷን ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሐል ቁጭ ብላ አገኘኋት። አታለቅስም። ቅጠል እየቀደደች ክምር ሠርታለች።

«እናት የለኝም» አለችኝ። «ስዳር ሁሉም ሰው ስለ ባሌ ነው የነገረኝ፣ እኔ ደስ ያለኝ እናት አገኘሁ ብዬ ነው። አሁን በምን ዓይኔ ነው የምመለሰው?»

እኔ ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ ስታቲስቲክስ አለ» አልኳት። ኧረ በሞቴ! ሰው እንደዚህ ይጽናናል? እሷ ግን ስታቲስቲክስ የአንድ ትልቅ ዳኛ ስም መስሏት ቀና ብላ አየችኝ።

የዚያኑ ቀን እማማ ዘንድ ገባሁ። «እማማ፣ ይኼ ዕድል ነው» አልኳቸው። «አንዳንዴ ብዙ ይፈለፈላል፣ አንዳንዴ ትንሽ።»

«ሦስት ብቻ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

«በሰፈሩ በደንቡ ስንት ነው የሚወጣው?»

«ተመስገን ነው።»

«ስንት?»

«አልኩሽ እኮ፣ አልሃምዱሊላህ ነው!»

ለካ ጫጩት አይቆጠርም። እንቁላል ይቆጠራል፣ የተገዛ ነገር ይቆጠራል፣ ሕይወት ያለውን ግን አፍ አውጥቶ የቆጠረ ጭልፊት ይጠራል። የእማማ ሦስት ያፈተለከው በንዴት ነው። መምህራችን ላስተማረን ፈተና ደግሞ ልማዱን፣ አማካዩን ካላወቅሁ አንድ እርምጃ መሄድ አልችልም! ሦስት ትንሽ መሆኑን የማውቀው ከምን አንጻር ነው? ቤት ለቤት ዞሬ ስጠይቅ ሴቶቹ ሁሉ «ተመስገን ነው» እያሉ በሳቅ ሸኙኝ፤ አንዷማ «ቆጥረሽ ልታስበይን ነው እንዴ አስተማሪ?» ብላ ጫጩቶቿን በቀሚሷ ሸፈነቻቸው።

ቢቸግረኝ አንድ ዘዴ መጣልኝ። አንድ ኪሎ ባቄላ ገዛሁና ከረጢት ይዤ ተመለስኩ። «አትናገሩ። ዶሮዋ ባለፈው ያወጣችውን በልባችሁ አስቡና በየጫጩቱ አንድ ባቄላ ከረጢቱ ውስጥ ጣሉልኝ። እኔ ቤቴ ገብቼ ባቄላ ነው የምቆጥረው።» ባቄላ መቁጠር ማንንም አያስከፋም። አቤት ደስታዬ! አስራ አምስት ቤት ዞርኩ። ሁሉም የሚያስታቅፉት አስራ አንድ እንቁላል ነው፣ ለምን ብትሉኝ አላውቅም፣ እንደዚያ ነው። የአንዷን አሮጊት ባቄላ ብቻ ከሂሳቡ አወጣሁት፤ ከአስራ አንድ እንቁላል አስራ አምስት ባቄላ ሰጥተውኛል። ተመልሼ ስጠይቃቸው «ለአስተማሪ ምን ይሰሰታል» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግነት ነው እንግዲህ።

የቀሩት አስራ አራት ቤቶች ባቄላ መቶ አስራ ሁለት ሆነ። በአማካይ ስምንት። እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማስላት ጀመርኩ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ እያፏጨሁ። ልጅቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ታየኛለች። ስምንት ይጠበቃል፣ የመጣው ሦስት፣ ልዩነቱ አምስት። በዕድል ብቻ ከዶሮ ዶሮ የሚኖረው መለዋወጥ አንድ ተኩል ገደማ ነው። አምስትን ለአንድ ተኩል አካፈልኩ። ሦስት ነጥብ ምናምን።

ፉጨቴ ቆመ።

መምህራችን ያስተማረን ከሁለት ካለፈ ተጠራጠሩ ብሎ ነው። የመጽሐፉን ሰንጠረዥ ገለጥኩ። ሦስት በዕድል ብቻ የሚመጣው ከአራት መቶ ጊዜ አንዴ ቢሆን ነው። «ምንም የለም» ያልኩት ነገር ፊቴ ላይ ተሰበረ። ወይ ጉዴ! ልጅቷን ነጻ አወጣለሁ ብዬ የአማቷን ክስ በማስረጃ አጸናሁት። እማማ በዓይናቸው ያዩትን እኔ በሂሳብ ፈረምኩበት።

«ምን አለ?» አለችኝ ልጅቷ ከበሩ።

«ገና አላለቀም» ብዬ ዋሸኋት። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ገበያው ሄድኩ፤ የምገዛው ነገር ኖሮኝ ሳይሆን ፊቷን ላለማየት ነው። የምሸሽበት ባጣ በርበሬ መሐል እየዞርኩ ሳስነጥስ ቆየሁ።

እዚያ ሳስነጥስ ነው እንግዲህ ነገሩ የገባኝ። ከዓይኔ እንባ ሲወርድ ያየች አንዲት ሻጭ «አስለቀሰሽ አይደል በርበሬዬ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ «የእርሷ በርበሬ መሆኑን በምን አወቀች? ገበያው ሁሉ በርበሬ ነው!» አልኩ። አልኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ፈተናው ያለኝ አንድ ነገር አለ ነው፤ ምን እንደሆነ መቼ ነገረኝ? ዶሮዋ ላይ የሆነ ነገር ደርሷል፣ ይኼ ሐቅ ነው። የልጅቷ እጅ ነው ያለው ማነው? ሴትዮዋን አቅፌ ሳምኳት። ደንግጣ በርበሬ መረቀችልኝ።

እየሮጥኩ ገባሁና ልጅቷን «እንቁላሎቹን ከየት አመጣሻቸው?» አልኳት።

«እማማ ሰጡኝ። ትልልቁን እየመረጡ ሲያጠራቅሙልኝ ነበር። ከምድጃው ጎን ካለው ማሰሮ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሳልመጣ ጀምረው ነው አሉኝ። ከወር ይበልጣል።»

ከወር በላይ፣ ከእሳት ጎን! እንዲህ ያለውን እንቁላል የልጅቷ እጅ ቀርቶ የማንም እጅ አያድነውም። እማማ ግን ለሙሽራቸው ሳስተው፣ ትልልቁን ለይተው፣ በጣም ወደው ነው ያበላሹት። ይኼን ልነግራቸው ስሞክር ጭራሽ እሳት ሆኑ። «ማሰሮዬ ምን አደረገሽ! እናቴ በዚሁ ማሰሮ ነው ያስቀመጠችው!» አሉ።

«እንግዲያውስ እንፈትን» አልኳቸው። «ዕጣ ጥለን።»

ዕጣ ሲባል ጆሯቸው ቆመ። ግቢው ውስጥ ማቀፍ የጀመሩ ሁለት ዶሮዎች ነበሩ፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ገብስማ። ትኩስ የተጣለ እንቁላል ከጎረቤት ሰብስበን ሃያ ሁለት አደረግን። አስራ አንዱን እማማ በእጃቸው ያስታቅፋሉ፣ አስራ አንዱን ልጅቷ። ግን የትኛው እንቁላል ለማን እንደሚሆን ማንም አይመርጥም። ሁለት ሁለት እንቁላል እያነሣሁ ሳንቲም ወደ ላይ እንዲወረውሩ ለእማማ ሰጠኋቸው፣ ዘውድ ከወጣ ቀኝ እጄ ላይ ያለው የእሳቸው፣ ጎፈር ከወጣ የልጅቷ።

«እኔ ትልልቁን ለሷ ብሰጥ ምን አለበት?» አሉ እማማ መሐል ላይ።

«አይቻልም! ዕጣው ነው የሚሰጠው።»

«ትንንሾቹ ደረሷት እኮ።»

«እማማ፣ ይወርውሩ!»

ወረወሩ። ዶሮዎቹንም በዕጣ አደልን፤ ቀይዋ ለእማማ፣ ገብስማዋ ለልጅቷ። እያንዳንዱን እንቁላል በከሰል ምልክት አደረግሁበት፣ ለእማማ መስመር፣ ለልጅቷ ነጥብ። ልጅቷ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ፣ ቶሎ ቶሎ አስገባች። እማማ «ቀስ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሃያ አንድ ቀን ሕይወቴን በሙሉ ያህል ረዘመብኝ።

ክፍል ገብቼ ስለ ሦስት ማዕዘን ሳስተምር ልቤ ገብስማዋ ጋ ነው። በየዕረፍቱ እየሮጥኩ ግቢ ደርሼ እመለሳለሁ። ተማሪዎቼ ነገሩን ሰምተው «ቲቸር፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። ሳቅ ሳቅ ይለኛል፣ ደግሞ እፈራለሁ። ምክንያቱም እውነቱን ለእናንተ ልናገር፤ የመምህሬ ድምጽ በጆሮዬ ይጮኽ ነበር፦ ናሙናሽ ትንሽ ነው! ሁለት ዶሮ ናሙና ነው? የልጅቷ ዶሮ በዕድል፣ በከንቱ ዕድል፣ አራት ብቻ ብታወጣስ? ያኔ በዓለም ያሉትን ሰንጠረዦች ሁሉ ብደረድር እማማ አይሰሙኝም፣ ልጅቷም በአዲስ አበባ በኩል ዞራ ወልቂጤ ትገባለች። ያን ያህል የሰው ነገር በዶሮ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

በዚያው መሐል እማማን ብርድ መታቸው። ትኩሳት ጥሏቸው ሳምንት ተኙ። ልጅቷ ከአጠገባቸው አልተነሣችም፤ ገንፎ ታገነፋለች፣ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ታጥባለች፣ ሲያልባቸው ልብስ ትቀይራለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ ተኝተው እሷ እጃቸውን ይዛ ተቀምጣ አየኋት። ያ «ደረቅ» የተባለው እጅ ነው። እማማ አልተኙም ነበር፣ ዓይናቸው በከፊል ተከፍቶ ያዩዋታል። እኔን ሲያዩ ጨፈኑት።

በሃያኛው ቀን ድነው ተነሡና «እህቴን ልጠይቅ» ብለው በማለዳ ወደ ገጠር ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ነጠላ የለበሰ ቅርጫት ይዘው ተመለሱ። «ምንድን ነው እማማ?» ብላቸው «ጎመን» አሉኝ። ጎመኑ ጭው ጭው የሚል መሰለኝ፣ ግን የራሴ ጆሮ ነው ብዬ ተውኩት። ሃያ ቀን ሙሉ የጫጩት ድምጽ ሲሰማኝ ነው የከረምኩት።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ በሬን ደበደበች። «ነይ! ነይ! ወጥተዋል!» በሹራብ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ ወጣሁ። መጀመሪያ የእማማን ቀይ ዶሮ አየን። ሰባት። በልቤ ነው የቆጠርኩት፣ ከንፈሬን ነክሼ። ጥሩ ነው፣ የሰፈር ነው። ከዚያ ወደ ገብስማዋ ሄድን። ከክንፏ ሥር፣ ከጀርባዋ፣ ከጭዱ ውስጥ እየወጡ፣ እየተሽሎኮሎኩ… ስምንት… ዘጠኝ… አስር…

አስራ አንድ!

አስራ ሁለት።

እንደገና ቆጠርኩ። አስራ ሁለት። ልጅቷ በደስታ አፏን ይዛ ትዘላለች፤ እኔ ፈዝዤ ቆሜያለሁ። የተማርኩት ምጣኔ ሁሉ ከዜሮ ይጀምርና አንድ ላይ ያበቃል። አስራ ሁለት ለአስራ አንድ! የዓለም ስታቲስቲክስ አይቶት የማያውቀው ቁጥር በቡታጅራ ጭድ ላይ እየተንጫጫ ነው። ጎንበስ ብዬ ጭዱን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ ነጥብ ያላቸው ሁለት እንቁላሎች፣ ሳይፈለፈሉ፣ ድፍን ሆነው ተቀምጠዋል።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከአስራ አንዱ ሁለቱ ከቀሩ የተፈለፈለው ዘጠኝ ነው። ሦስቱ ከሌላ ቤት ናቸው። ደህና አድርጌ ሳያቸው ታወቁኝ፤ ጎላ ያሉ፣ እንደ ሌሎቹ የማይንገዳገዱ፣ ዓለምን ቀደም ብለው ያዩ። «ጎመን!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ልጅቷን ውሃ እንድታመጣ ላክኋትና እማማ ክፍል ገባሁ። በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር፣ ዓይናቸውን ቀና አላደረጉም።

«እማማ፣ ከአስራ አንድ እንቁላል አስራ ሁለት ጫጩት አይወጣም።»

«አላህ ሲሰጥ ይቆጥራል እንዴ?»

«ሁለቱ እንቁላሎች ደግሞ እዚያው አሉ።»

እጃቸው ቆመ። «እ?» አሉ። «ሁለት ቀርቷል?»

«ስንት ጨመሩ እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! እህቴ በቅርጫት ሰጠችኝ፣ እኔ ከሥሯ ከተትኩ። ማን ይቆጥራል!» አሉ፣ ተቆጥተው። ከዚያ ቁጣው ከፊታቸው ወረደና ድምጻቸው ቀነሰ። «ያን ቀን ያልኩትን ሰፈሩ ሰምቷል። ተሳሳትኩ ብል ከዚህ በኋላ ማን ይሰማኛል? እኔ መመለስ አቃተኝ። ዶሮዋ ትመልስልኝ ብዬ ነው።»

ልቤ ቅልጥ አለ። ያን ሁሉ ሳንቲም፣ ከሰልና ባቄላ ያበላሹብኝ ሴትዮ ፊት ቁጭ ብዬ ልቆጣ ብፈልግ አልመጣልኝም።

«ባይጨምሩም ኖሮ እኮ ዘጠኝ ነበር» አልኳቸው። «የእርስዎ ሰባት ነው።»

«ቀስ በይ!» አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ሰማይ እያዩ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ዘጠኝ? በራሷ?»

«በራሷ።»

«ከኔ በለጠች?»

«አልበለጠችም። ሁለት ልዩነት በዕድል ይመጣል። ሁለታችሁም እጃችሁ ላይ ምንም የለም።»

«የኔም እጅ ምንም የለውም ነው የምትይኝ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ፣ በርበሬ በያዘ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ በኋላ የሳቁና የበርበሬው እንባ አልተለየም። ልጅቷ ውሃ ይዛ ስትገባ ሁለታችንን መሬት ላይ ተጣጥፈን አገኘችን። በናሙና ማነስ ስለሚመጣው ስጋት ልናገር የነበረውን ዋጥኩት፤ መምህሬ ይቅር ይበለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዓረፋ ሆነ። ልጃቸው ከመርካቶ ደረሰ፣ የሰፈሩ ሰው ግቢው ውስጥ ሞላ። ያ በበር ላይ የተባለ ነገር ምን እንደደረሰ ሁሉም ሊሰማ ጆሮውን አቁሟል። በስተመጨረሻ አንዷ ጎረቤት አላስቻላትምና «የወልቂጤዋስ ዶሮ እንዴት ሆነች?» አለች።

ሁላችንም «ተመስገን ነው» ሲሉ ጠበቅን። እማማ ግን ብድግ አሉ። በሕይወታቸው ሙሉ ሕይወት ያለው ነገር በአደባባይ ቆጥረው የማያውቁ ሴትዮ፣ በሰማዩ ሥር፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «አስራ ሁለት!» ብለው ጮኹ።

«ከአስራ አንድ እንቁላል?» አለች ጎረቤቲቱ።

«ከአስራ አንድ! የልጄ እጅ እንዲህ ነው!»

ልጅቷ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ ቆጠረችው አስተማሪ። «እውነት ነው አስተማሪ?» አለኝ ባሏ። የማውቀውን ሐቅ ሁሉ ባንድ ጉንጬ ያዝኩና «እኔ ራሴ ቆጥሬአቸዋለሁ፣ አስራ ሁለት ናቸው» አልኩ። አልዋሸሁም። አስራ ሁለት ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ እያለን፣ ጭልፊት ወርዶ አንዷን ይዞ ሄደ። እማማ እየጮኹ በእንጨት አባረሩት፣ አልደረሱበትም። ተመልሰው ደፉ ላይ ዘጭ አሉ። ላሟ ስትነጥፍ፣ በርበሬው ሲመታ፣ ዶሮዋ ሦስት ስታወጣ የተናገሩትን ስለማውቅ ደግሞ ምን ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የኔ አፍ ነው። ቆጠርኩ፣ ወሰዳት።»

ልጅቷ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠችና እጇን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። «እማ» አለቻቸው፣ ስትላቸው የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ «አንድ ጫጩት እኮ ናት። በአንድ ጫጩት አይፈረድም። ዕድል ነው።»

እማማ እጇን ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄን ሰማሽልኝ?» አሉኝ።